ውርጭ ያልገደለው ቄጠማ

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ሆቴሉ ምሳ አዘጋጀልኝ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከወረቀት ላይ እያነበበች፣ «ወይዘሮ ሰዓዳ ይመር በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ተክል በእጃቸው አልሞተም» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የኬኩን ቢላዋ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፎቶ የሚያነሳው አስተናጋጅ «ፈገግ ይበሉ» ሲለኝ ፈገግ አልኩና ኬኩን ቆረጥኩት።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቂርቆስ ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ ላይ ሦስት የፕላስቲክ ሳፋ ሙሉ ቄጠማ አለኝ። ጠዋት ተነስቼ አያቸዋለሁ። ሻዬን ሳልጨርስ እንደገና እወጣለሁ። ትናንት የቀየርኩትን ውሃ ዛሬ እቀይረዋለሁ። ልጄ ሐያት፣ «እማ፣ ጡረታ እኮ ነው የወጣሽው፤ ትንሽ አረፍ በይ» ትለኛለች። «አርፌያለሁ» እላታለሁ፣ ቆሜ። ከዚያ ነጠላዬን አንስቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ አንድ ቀን እስከ መስቀል ፍላወር፣ ጉዳይ የሌለኝ ሰው መንገድ ለመንገድ ስዞር እውላለሁ።

ቄጠማው በበዓል ቀን ሰው ወለሉ ላይ የሚጎዘጉዘው ዓይነት አይደለም፤ የእሱ ዘመድ ነው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ቅጠሎቹ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ለዚህ ነው ሆቴል ውስጥ ጃንጥላ ቄጠማ የምንለው። እግሩ ውሃ ውስጥ፣ ራሱ ፀሐይ ላይ ከሆነ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። ከእሱ ጋር ዕድሜዬን ጨረስኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ካዛንቺስ ያለው ሆቴል ስቀጠር የአትክልት ሠራተኛ አልነበርኩም። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ፤ አንሶላና ፎጣ ነው የማውቀው። አንድ ቀን የማጠቢያው ቱቦ ተዘጋና ውሃው ክፍሉን ሲሞላብኝ፣ ቱቦውን ነቅዬ በጓሮ በኩል ወዳለው ቦይ አዞርኩት። ቦዩ የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው፣ በሰማያዊ ቱታ ላይ ኮት ደርበው በሩ ላይ ቆሙ። አልጮኹም።

«ቱቦውን ማን ነው ያዞረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ነይ እስቲ» ብለው ወሰዱኝ። ግቢው መሀል የሲሚንቶ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ውስጥ ቄጠማው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። በቦዩ በኩል የሳሙና አረፋ እየተንሳፈፈ ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል። «ይኼ የሚጠጣው የቆመበትን ነው። ሳሙና ስትሰጪው ሳሙና ይጠጣል፤ በረኪና ስትሰጪው በረኪና ይጠጣል» አሉኝ። ከዚያ አካፋ ሰጡኝና አብረን ቦዩን በአፈር ዘጋነው። ስንጨርስ እጄን አዩት። «ልብስ ማጠብ ትወጃለሽ?» አሉኝ። እንደማልወድ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ወደ እሳቸው ክፍል ተዛወርኩ። ደሞዙ ያው ነበር፤ የዝውውሩ ወረቀት ግን አራት ፊርማ ፈለገ።

ጋሽ ታዬን ያወቅኩት እንደዚህ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን።

ጋሽ ታዬ ጠዋት ሲገቡ ግቢውን ዞረው ሳይጨርሱ ለማንም ሰላምታ አይሰጡም ነበር። ሰው ቅር ይሰኝባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ኩሬውን ሳያዩ ደኅና ነኝ ማለት የሚችሉ አይመስለኝም። እጃቸውን እስከ አንጓቸው ውሃው ውስጥ ይከቱና ጣታቸውን ያሸቱታል። ከዚያ ከዘንጎቹ ሥር ጎንበስ ብለው አዲስ የወጣውን ቡቃያ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ምላጫቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚውለው፤ ለማንም አያውሱትም። ምሳቸውን ሳይቀር ኩሬው ዳር ቆመው ነው የሚበሉት።

አንድ ነገር በፊታቸው ማለት አይቻልም፤ «ደርቋል» ማለት። «ጋሽ ታዬ፣ ያኛው ደርቋል» ካልኳቸው ወዲያው፣ «ሥሩን አይተሻል?» ይሉኛል። ካላየሁ መልሱ ይታወቃል፤ እጄን ጭቃ ውስጥ ከትቼ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ከላይ ቡናማ ሆኖ የሞተ የመሰለው፣ ከሥር ነጭና ጠንካራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያን ጊዜ አሮጌውን ዘንግ ሁሉ ከሥሩ ቆርጠን ስንጥለው በወሩ አዲስ ይወጣል። በኋላ በኋላ ጥያቄውን ሳይጠይቁኝ በፊት አይቼ መምጣት ለመድኩ። «ሥሩን አይተሻል?» «አይቻለሁ።» «እንዴት ነው?» «ነጭ ነው።» በቃ፣ ከዚያ በላይ አይጠይቁም። አይቻለሁ ካልኩ አይቻለሁ ማለት ነው።

ማባዛቱን ያስተማሩኝ አንድ ክረምት ነው። ጫፉን፣ ማለትም ጃንጥላውን፣ ትንሽ ዘንግ አስቀርተው ይቆርጡታል። ቅጠሎቹን በመቀስ ግማሽ በግማሽ ያሳጥሯቸዋል። ከዚያ ገልብጠው፣ አናቱን ወደ ታች አድርገው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይከቱታል። መጀመሪያ ሳይ የተሳሳቱ መስሎኝ ልገለብጠው እጄን ዘረጋሁ፤ እጄን መታ አድርገው ያዙት። በአሥራ አምስት ቀን ከቅጠሎቹ መሀል ነጫጭ ሥር ወጣ፣ ከሥሩ አጠገብ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ። ያን ብርጭቆ ለእኔ ሰጡኝ። «ቤትሽ ውሰጂው። እቤቱ ያልተከለ ሰው የሰው ግቢ አይጠብቅም» አሉኝ።

ቤቴ በር ላይ ያሉት ሦስት ሳፋዎች የመጡት ከዚያ ብርጭቆ ነው። ቤት ውስጥ ለሚያሳድገው ሰው የምነግረው ብዙ አይደለም። ቀዳዳ የሌለው ሳፋ ወይም ባልዲ፣ ከሥር ጥቁር የመረሬ ጭቃ፣ ጭቃው ውሃውን እንዳያደፈርስ ከላዩ ጠጠር። የቧንቧ ውሃ ቀጥታ አይሰጠውም፤ በርሜል ውስጥ አንድ ቀን አድሮ ሽታው ይውጣለት። ሁለት ዓመት ሲሞላው ጉቶው መሀሉ ባዶ ይሆናል፤ በመጋዝ ከፍሎ ከዳር ዳር ያለውን ብቻ መልሶ መትከል ነው። የመሀሉን ማዘን ሳያስፈልግ መጣል።

ሰው የሚቸገረው ግን በሌላ ነው። አንድ ጊዜ መስቀል ፍላወር አካባቢ ያሉ ወይዘሮ ሆቴላችን ውስጥ አይተውት ከእኛ ወሰዱ። በወሩ፣ ሊሞትባቸው ስለሆነ መጥቼ እንድመለከትላቸው ለመኑኝ። ስሄድ ሳሎን ውስጥ ባማረ የሸክላ ማሰሮ ተክለውት፣ ቅጠሉ በሙሉ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል።

«ውሃ በዛበት መሰለኝ» አሉኝ። «ስለዚህ በሳምንት አንዴ በማንኪያ ነው የማጠጣው።»

«እትዬ፣ ይኼ የረግረግ ልጅ ነው። ውሃ አይበዛበትም» አልኳቸው። አላመኑኝም። ማሰሮውን ይዤ ወደ ልብስ ማጠቢያቸው ገባሁና ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። «ገደልሽው» አሉኝ። በሦስት ሳምንት ደውለው፣ «ልጄ፣ አሥራ አንድ ቡቃያ ወጥቷል» አሉኝ። ሰው ሌላውን አበባ ሁሉ በውሃ ብዛት ገድሎ ተምሮ፣ በዚያው ትምህርቱ ይኼን በውሃ ጥም ይገድለዋል።

መሀል ላይ ሁለት ዓመት ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለው የሆቴሉ ባለቤት ሕንፃ ተልኬ ነበር። መግቢያው ላይ ስድስት ገንዳ ተከልኩ። እዚያ ያለው አለቃዬ ተክል አይወድም፤ «በፕላስቲክ ለምን አንቀይረውም? ማለቴ፣ ከሩቅ ማን ይለየዋል?» ይለኝ ነበር። ጥበቃዎቹ የተረፋቸውን ማኪያቶ ገንዳው ውስጥ ይደፉት ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ገንዳ ማሽተት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ፕላስቲኩ መጣ፤ እኔም ወደ ካዛንቺስ ተመለስኩ። ጋሽ ታዬ ስመለስ ሰላም እንኳን ሳይሉኝ፣ «ያን መጋዝ አቀብይኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ጋሽ ታዬ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው አንድ ነገር አስወሰኑ። ኩሬው ላይ የፋይበር ጣሪያ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ቄጠማ ብርሃን ፍለጋ ይሳሳና ይጎብጥ ነበር። ለዓመታት ጠይቀው እንቢ ተብለው፣ በመጨረሻ ጣሪያውን አስነሱት። በስድስት ወሩ ቄጠማው እንደ ግድግዳ ቆመ። እንግዳ ሁሉ እዚያ ፎቶ ይነሳል። እሳቸው ከወጡ በኋላም አርብ አርብ እየመጡ ያዩት ነበር፤ ክራቫት አስረው፣ እንደ እንግዳ በዋናው በር ገብተው።

እሳቸው በወጡበት ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው ነገሩ የሆነው።

ለትልቅ ስብሰባ እንግዶች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር፣ አንዱ ደንበኛ ግቢ ውስጥ ቢንቢ ነከሰኝ ብሎ ተናገረ። የጊዜው ማኔጀር አቶ ደረጀ ጠርተውኝ፣ «ከዚያ ኩሬ ነው የሚፈለፈለው። እንግዶቹ ሳይገቡ አንድ ቢንቢ ማየት አልፈልግም» አሉኝ። ጋሽ ታዬ ቢሆኑ የሚያደርጉትን አውቃለሁ። ኩሬውን ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ፣ ግድግዳውን በብሩሽ መፋቅ፣ ያደረ ውሃ መሙላት። የሁለት ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ፤ የአዳራሹ አበባ፣ የበረንዳው ገንዳ፣ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። በጋሽ ታዬ ቦታ አዲስ ኃላፊ ስለነበርኩ ሰው ጨምሩልኝ ማለት ከብዶኝ ነበር።

ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ሁለት ጀሪካን በረኪና ወሰድኩ። ትንሽ ብቻ ላደርግ ነበር ሐሳቤ። አንዱን ኩሬው ውስጥ ደፋሁ፤ የቢንቢው ትሎች አሁንም ይንቀሳቀሳሉ። ሁለተኛውንም ደፋሁት።

ቢንቢው ጠፋ። እንግዶቹ ገብተው ወጡ። በአምስተኛው ቀን ዘንጎቹ ከታች ቢጫ መሆን ጀመሩ። በሳምንቱ በእጄ ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ። ጭቃውን ቆፈርኩ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ስጨምቀው እንደ በሰበሰ ድንች ይፈርጣል፤ ይሸታል። ዳር ዳሩን ፈተሽኩ። አንድ ነጭ እንኳን አጣሁ። የጋሽ ታዬ የስንት ዓመት ልፋት በሁለት ጀሪካን አለቀ።

አቶ ደረጀ መጥተው ከጀርባዬ ቆሙ። «ምን ሆኖ ነው?»

ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ይበርድ ነበር፤ የመኪና መስታወት ላይ ነጭ ነገር ይታይ ነበር። «ውርጭ መሰለኝ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

«ጣሪያውን ማን ነበር ያስነሳው?»

«ጋሽ ታዬ።»

ይኼኛው እውነት ነበር። ሁለቱ ቃላት ተገናኝተው ምን እንደሠሩ የገባኝ አርብ ዕለት ነው። ጋሽ ታዬ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ አቶ ደረጀ በር ላይ ጠብቀዋቸው፣ «ይኸው ጣሪያ ይነሳ ብለው ያመጡብንን ይዩልን» አሏቸው፣ ሰው እየሰማ። ጋሽ ታዬ ባዶውን ኩሬ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሥሩን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንዴት ነው?»

«ውርጭ የመታው ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ሰው ቢላቸው ኖሮ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ይቆፍሩ ነበር። እኔ ስለሆንኩ አልቆፈሩም። ከዚያ ቀን በኋላ ሆቴሉ በር ላይ አልታዩም።

ኩሬው በአፈር ተሞልቶ ሴራሚክ ተነጠፈበት። እኔ ከቤቴ ሳፋ ላይ ከፍዬ አመጣሁና በተቆረጡ በርሜሎች ውስጥ ተከልኩ። ውርጭ ገደለው ብያለሁና በርሜሎቹ ደጅ ሊቀመጡ አይችሉም፤ ጣሪያ ባለው ኮሪደር ውስጥ ተደረደሩ። እዚያ ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። ዘንጎቹ ሳስተው ወደዚያው ጎበጡ፤ በሲባጎ አሰርኳቸው። ሰባት ዓመት እንዲሁ አሰርኩ። የአሁኗ ተተኪዬ ሜሮን፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ የመጣች፣ በመጀመሪያ ሳምንቷ «ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ይኼ ተክል እኮ ፉል ሰን፣ ሙሉ ፀሐይ ነው የሚፈልገው፤ ለምን አናወጣውም?» ብላኝ ነበር። «ውርጭ ይገድለዋል። እዚህ ግቢ ታይቷል» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ስትጽፈው ቆሜ አየኋት።

ለጋሽ ታዬ መጀመሪያ መጀመሪያ ለበዓል እደውል ነበር። በኋላ መደወሉም ቀረ።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ እንዲሁ ስዞር ላንቻ ታክሲ መያዣው ላይ የጋሽ ታዬን ባለቤት እትዬ ብዙነሽን አገኘኋቸው። በዘንቢል ጎመን ይዘዋል። አቅፈው ሳሙኝ፤ ዘንቢሉን ተቀብዬ ወደ ሰፈራቸው አብሬያቸው ሄድኩ። ስለ ጋሽ ታዬ ጠየቅኳቸው። ስኳር እግራቸውን እንደያዛቸው፣ በምርኩዝ እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

«ቄጠማቸውስ?» አልኩ፣ ወሬ ለማስቀጠል።

«የትኛው ቄጠማ? ያኔ ነው እኮ ሁሉን ሰጥቶ የጨረሰው። ግቢው ባዶ ነው። "እጄ ተበላሽቷል፤ ያን ሁሉ ያስፈጀሁት እኔ ነኝ፣ ጣሪያ ይነሳ ብዬ" ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቅጠል አልተከለም።»

ዘንቢሉን በራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ቸኩያለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ሦስት ቀን ቂርቆስና ላንቻ መሀል ተመላለስኩ። አንዴ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አንዴ አንኳኩቼ ሳይከፈት ሄድኩ። ሐያት «ምን ሆነሽ ነው? ንገሪኝ» አለችኝ። ለእሷ ነገርኳት። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለእሳቸው ነው መንገር ያለብሽ» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ገባሁ። ጋሽ ታዬ በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበሩ። ግቢው እውነትም ባዶ ነው፤ የተጠረገ ሲሚንቶ ብቻ። ደስ ብሏቸው ሊነሱ ሲሉ አስቀመጥኳቸውና እኔ ቆሜ ተናገርኩ። በረኪናውን፣ ሁለቱን ጀሪካን፣ የጠቆረውን ሥር፣ ሁሉንም። ምክንያት አልደረደርኩም።

ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ስጨርስ፣ «ሥሩን አይተሻል ስልሽ፣ አይቻለሁ ነው ያልሽኝ» አሉ።

«አዎ ጋሽዬ።»

«አይተሽዋል ማለት ነው።»

«አይቼዋለሁ።»

ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ አንቺን አምኜ እጄን ተጠራጠርኩ» አሉ። «ሂጂ፣ ሰዓዳ። አሁን ሂጂ።»

እትዬ ብዙነሽ እስከ በር ሸኙኝ። በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ያ ሳምንት ከሁሉም የከፋው ነበር። ሳፋዎቹን ለማየት እንኳን አልወጣም፤ ሐያት ናት ውሃ የምትሞላው።

በስምንተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። እትዬ ብዙነሽ ናቸው። «ጋሽ ታዬ ታክሲ ይዘሽ ነይ ይልሻል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ስደርስ ጋሽ ታዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ክራቫት አስረዋል፤ ኮት ለብሰዋል። ሰላም አላሉኝም። ወደ መኪናው ገቡና ለሹፌሩ «ካዛንቺስ» አሉት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሆቴሉ ውስጥ አሁን ያለው ቄጠማ ከየት እንደመጣ። ከቤቴ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ከዚያ ብርጭቆ?» አሉ። «ከእሱ» አልኩ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ካዛንቺስ ስንገባ የሚያውቋቸው ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ሜዳ የሆነውን በዓይናቸው እየፈለጉ ሁለት ጊዜ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ሜሮን ኮሪደሩ ውስጥ አገኘችን። አስተዋወቅኳቸው። ጋሽ ታዬ በሲባጎ የታሰሩትን ዘንጎች፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የጎበጡትን፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኼ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ብለው ሜሮንን ጠየቋት።

ሜሮን ወደ እኔ አየች። «ማለቴ... ውርጭ ይገድለዋል ተብሎ ነው። ወይዘሮ ሰዓዳ ናቸው ያስተማሩኝ።»

ጋሽ ታዬ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ።

«ሜሮን፣ ያስተማርኩሽ ልክ አይደለም» አልኳት። «የዛሬ ሰባት ዓመት ውርጭ አልነበረም። እኔ ነኝ በረኪና ደፍቼ የገደልኩት። ከዚያ በጋሽ ታዬ ላይ አላከክሁ። ደብተርሽ ላይ የጻፍሽውን አጥፊው።»

ሜሮን አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች። «ሰባት ዓመት በሙሉ?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ፣ «ማውጣት ከፈለግን ማኔጀሩን ላስፈቅድ?» አለች።

«አስፈቅጂ» አሉ ጋሽ ታዬ። «እስክትመለሺ አንዱን እናወጣለን።»

አልሄደችም። በርሜሉን አጋድማ ውሃውን ግማሽ አፈሰሰችለት፤ ከጥገና ክፍል ሦስት የብረት ቱቦ አመጣች፤ ከሥሩ አስገብተን በቱቦዎቹ ላይ እያንሸራተትን ገፋነው። ጋሽ ታዬ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ «ወደ ግራ፤ ቀስ፤ አሁን ያዙ» ይላሉ። ፀሐይ ያለበት ቦታ ስንደርስ አስቆሙን። ሲባጎውን ፈታሁት። ዘንጎቹ ወደ አንድ ጎን ተንጋደው ቀሩ።

«ዞር ብናደርገው ይቃናል?» አለች ሜሮን።

«ይኼ አይቃናም። የጎበጠው ጎብጦ ነው የሚቀረው» አሉ ጋሽ ታዬ። «ከሥሩ የሚወጣው አዲሱ ነው ቀጥ የሚለው። አሮጌው ካልተቆረጠ ግን ቦታ አያገኝም።»

እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱና ጨርቅ አወጡ፤ ጨርቁን ፈቱት። ሜሮን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች።

«አንቺ አይደለሽም» አሏት፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ። ምላጩን ወደ እኔ ዘረጉ።

ሃያ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን አስነክተውኝ አያውቁም። ተቀበልኳቸውና ሴራሚኩ ላይ ተንበረከክሁ። የመጀመሪያውን ዘንግ ከጭቃው ጋር እኩል አድርጌ ቆረጥኩት። ሁለተኛውን ስይዝ እሳቸው ከላዬ ጎንበስ ብለው፣ «ዝቅ አድርጊው» አሉኝ። ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩ።